ጌታን የተቀበልኩበት ቀን

የአባልነት ፎርሙ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ስም፣ ስልክ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት እያልኩ ወርጄ «ጌታን የተቀበሉበት ቀን» የሚለው ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። አገር ቤት ሳለሁ ምስክርነት ስጥ ስባል ከአፌ የማይጠፋ ቀን ነበረኝ፤ ሚያዝያ 1994፣ የትንሣኤ ሰሞን፣ ኮንፈረንስ ላይ። እውነቱ ግን ጌታን «የተቀበልኩት» ሦስት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በዘጠኝ ዓመቴ፣ የልጆች ፕሮግራም ላይ፣ እጁን ላነሳ ሁሉ ብስኩት ይሰጥ ስለነበር። (ብስኩቱ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፤ ጸሎቱ ግን ጭራሽ።) ሁለተኛው የሚያዝያው ነው፤ ጓደኞቼ በሙሉ ወደ ፊት ሲወጡ ወንበር ላይ ብቻዬን መቅረት አሳፍሮኝ። ሦስተኛው የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ፣ መብራት በጠፋበት አንድ ሌሊት፣ ማንም ሳያየኝ። የትኛውን ልጻፍ? ከሦስቱም ማግስት ያው ቁጡ፣ ያው ሰው ፊት አማኝ የምሆን ሰው ነበርኩ። ቦታውን ባዶ ትቼ ወረቀቱን መለስኩ።

የምሠራው ማሳቹሴትስ፣ ኬምብሪጅ ከተማ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ፈረቃዬ የሌሊት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ የሚገባም የሚወጣም መኪና ስለማይኖር ሰው ወይ ይተኛል ወይ ያነባል። ጭንቀቴን ያጫወትኩት አንድ ወንድም የፒዩሪታኖችን ስብከቶች በቴሌግራም ላከልኝ። ፒዩሪታኖች በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተሐድሶዋን ጀምራ መንገድ ላይ ቆማለች ብለው የተከራከሩ ሰዎች ናቸው። አገሩ ሁሉ በሕፃንነቱ ይጠመቃል፤ ሁሉም ክርስቲያን ይባላል። እነሱ ደግሞ «ከዚህ ሁሉ ሕዝብ በእውነት የተለወጠው ማነው?» እያሉ ሕዝቡን እንቅልፍ ነሱት። ጥያቄው ለኛም ባዕድ አይደለም። እናቶቻችን በድንጋይ ተወግረው የያዙትን እምነት እኛ በሰንበት ልብሳችን ወረስነው፤ ልጆቻችን ደግሞ ከኛ ወረሱት።

እንግሊዝኛቸው አድካሚ ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ጠፍቶኝ እመለሳለሁ። ይዞ ያስቀረኝ ቶማስ ሼፐርድ የሚባለው ነው። ከእንግሊዝ በ1635 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው) ተሰዶ መጣና በማግስቱ ዓመት እዚሁ እኔ በምሠራበት ከተማ ቤተ ክርስቲያን መሠረተ። የመጀመሪያው የጸሎት ቤታቸው የነበረው ዛሬ ዳንስተር እና ማውንት ኦበርን መንገዶች የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው፤ ሃርቫርድ ስኩዌር አጠገብ። ከሥራ ስወጣ ብዙ ጊዜ በዚያ አልፋለሁ፤ ቡና ይዞ የሚሮጥ ተማሪ ካልሆነ ሌላ ነገር አይታይም።

ሼፐርድ ስለ አሥሩ ቆነጃጅት ምሳሌ ከ1636 እስከ 1640 ድረስ ሰብኳል። ያን ምሳሌ እኔ ሁልጊዜ ስለ ውጭ ሰዎች የሚናገር አድርጌ ነበር የምሰማው። እሱ ግን፦ አሥሩም ቆነጃጅት ናቸው፣ አሥሩም መብራት ይዘዋል፣ አሥሩም ሙሽራውን ይጠብቃሉ፤ በሩ የተዘጋባቸው ከዚያው ከኅብረቱ ውስጥ ነው፤ ይላል። የሱ ቤተ ክርስቲያን አባል መሆን የሚፈልግ ሰው በጉባኤው ፊት እግዚአብሔር ከነፍሱ ጋር ምን እንዳደረገ መናገር ነበረበት። ሼፐርድ የሃምሳ ያህል ሰዎችን ቃል በእጁ ጽፎ አቆይቷል፤ የቤት ሠራተኞች ሳይቀሩ አሉበት። እነሱም ፎርም ነበራቸው ማለት ነው፤ የሚሞላው በአፍ ነው እንጂ። የገረመኝ ብዙዎቹ እንደኛ ምስክርነት «ከዚያን ቀን ጀምሮ ሃሌሉያ!» ብለው አለመጨረሳቸው ነው። ፈርተው ይጀምራሉ፣ ትንሽ ይጽናናሉ፣ እንደገና ይጠራጠራሉ፣ እዚያው ላይ ያበቃል።

እኔም ደብተር ገዛሁ። በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እከፍተዋለሁ። በስተ ግራ የቀኑን ኃጢአት እጽፋለሁ፤ በስተ ቀኝ ደግሞ የመለወጥ ምልክት ብዬ ከስብከቶቹ የለቀምኳቸውን፦ ኃጢአትን መጥላት፣ ቃሉን መውደድ፣ ወንድሞችን መውደድ፣ ማንም ሳያይ መጸለይ። ከእያንዳንዱ ፊት «አለ» ወይም «የለም» እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ጠቅሞኛል፤ አልዋሽም። ለምሳሌ የምጸልይበት ሰዓትና ሰው የሚያየኝ ሰዓት አንድ መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ደብተር ነው። ግን ውሎ ሲያድር አንዱ ምልክት ሌላ ጥያቄ ይወልድ ጀመር። ኃጢአቴን የጠላሁት እግዚአብሔርን ስለሚያሳዝን ነው ወይስ ስለሚያሳፍረኝ? ስለዚህ በማልቀሴ ደስ ካለኝስ፣ ደስታው ራሱ ትዕቢት አይደለም? እንዲህ እያልኩ ሽንኩርቱን ስልጥ ስልጥ፣ በመጨረሻ እጄ ላይ እንባ ብቻ ቀረ። በአምስተኛው ወር መጸለይ አቃተኝ። የጌታ እራት ሲታደል ሁለት ጊዜ ሰበብ ፈጥሬ ወጣሁ።

ባለቤቴ ሁሉን እያየች ዝም ብላ ቆየች። አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ ገብቼ በትንሽ ነገር ጮኽኩባትና ቁጭ ብዬ ደብተሬን ሳወጣ «አንተ ንስሐ የምትገባው ለደብተርህ ነው» አለችኝ። «ተቆጣሁ ብለህ ስንት ጊዜ ጽፈሃል? እኔን ይቅርታ ብለኸኝስ ታውቃለህ?» ቆጠርኩት። አሥራ አንድ ጊዜ ጽፌያለሁ። ይቅርታ ግን አንድም ጊዜ አላልኩም።

በዚያው ሳምንት የአሥራ አንድ ዓመት ልጃችን ማታ ላስተኛት ስል «አባዬ፣ እኔ ድኛለሁ?» አለችኝ። ደብተሬን አይታ ይሁን እናቷ ጋ ስንነጋገር ሰምታ አላውቅም። የማስተምረው ትምህርት ሳይሆን የፈራሁት ፍርሃት እንደ ጉንፋን ወደሷ እንደ ተላለፈ ግን ገባኝ።

ይህን የመሰለ ነገር ከዚህ በፊት እዚሁ ቦስተን ሆኗል። ሳሙኤል ሱዎል የሚባል ዳኛ በጻፈው የዕለት ማስታወሻ፣ በ1696 ጥር ወር፣ የ14 ዓመቷ ልጁ ቤቲ ከምሳ በኋላ ድንገት እሪ ብላ አለቀሰች፤ ቤተሰቡም አብሮ አለቀሰ። ስትጠየቅ በመጨረሻ፣ ኃጢአቴ አልተሰረየም፣ ሲኦል እገባለሁ ብዬ ፈራሁ አለች። አንድ የሰማችው ስብከት ነበር ልቧ ውስጥ የቀረው። ከሳምንታት በኋላ ገና በማለዳ ወደ አባቷ መጣች፤ እሱም ምን ልጸልይልሽ ብሎ ጠይቋት ሁለቱም እያነቡ ጸለዩ። ስለዚህ አባት ያለኝ ስሜት የተደባለቀ ነው። ልጅን እስከዚያ ማስፈራት ምን ይሉታል እላለሁ፤ ደግሞ አንድ ነገር ያስተማረኝ እሱ ነው። ሱዎል በ1692 በሴለም ጠንቋዮች ናችሁ ተብለው በተከሰሱት ላይ ከፈረዱት ዳኞች አንዱ ነበር፤ ያኔ 19 ሰዎች ተሰቅለዋል። ቤቲ ካለቀሰች ከዓመት በኋላ፣ ጥር 14 ቀን 1697፣ በጾም ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመጋቢው ወረቀት ሰጠና ሲነበብ በሕዝብ ፊት ቆሞ ሰማ። ወረቀቱ ጥፋቱና ኀፍረቱ የኔ ነው የሚል ነበር። የሱ ምርመራ ከማስታወሻው ገጽ ወጥቶ እግር አውጥቷል። የኔ ከደብተር አልፎ ወጥ ቤት እንኳ አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ ነው ንባቤን ሰፋ ያደረግኩት፤ እስከዚያ ድረስ የሚያስጨንቁኝን ብቻ እየመረጥኩ ስለማነብ። ከፒዩሪታን ሰባኪዎቹ አንዱ፣ ቶማስ ጉድዊን፣ በእንግሊዙ ኬምብሪጅ ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ሊዝናና ሲሄድ የቀብር ደወል ሰምቶ ስብከት ላይ ቀረና ተለወጠ። ቀኑን ከነሰዓቱ ያውቀዋል፤ ሰኞ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1620፣ ከሰዓት በኋላ። እኔ የቀናሁበት ዓይነት ቀን! ሆኖም ይኸው ሰው ከዚያ በኋላ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ በራሱ ውስጥ የጸጋ ምልክት ሲፈልግ፣ ከክርስቶስ ራሱ ዘወር ብሎ እንደኖረ ይናገራል። ሪቻርድ ባክስተር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ለሺዎች የመለወጥን ጥሪ ያሰማ ሰባኪ፣ እሱ ራሱ መቼ እንደተለወጠ እስከ እርጅናው ማወቅ አልቻለም። መጽሐፎቹ በሚሉት ቅደም ተከተል ልቤ አልተሰበረም ብሎ ብዙ ተጨንቆ፣ በኋላ እግዚአብሔር የሰውን ሁሉ ልብ በአንድ ዓይነት መንገድ እንደማይሰብር ገባው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቼ ባዶውን ፓርኪንግ ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

ስህተቴ የት እንደሆነ ያሳየኝ ግን በእንግሊዝ የፒዩሪታን መጋቢዎች ተሰብስበው የጻፉት የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫ ነው፤ የ1646ቱ፣ ምዕራፍ 18። የመዳን እርግጠኝነት በሦስት ነገር ላይ ይቆማል ይላል፦ በእግዚአብሔር የተስፋ ቃል፣ ተስፋው የተሰጠባቸው የጸጋ ምልክቶች በውስጥ በመታየታቸው፣ በመንፈስ ቅዱስም ምስክርነት። ሦስት ጉልቻ ነው። እኔ ድስቴን በአንዱ ጉልቻ ብቻ፣ ያውም በመካከለኛው፣ አቁሜ ለምን ተደፋ እያልኩ ነበር። እዚያው ምዕራፍ ላይ እውነተኛ አማኝ ይህን እርግጠኝነት እስኪያገኝ ብዙ ሊቆይና ብዙ ሊታገል እንደሚችል ተጽፏል። አምስት ወር ሙሉ አለመረጋጋቴን ያለመዳኔ ማስረጃ አድርጌ ስቆጥረው ነበር።

በነገራችን ላይ ይህ ክርክር ያኔም ደም ያፈላ ነበር። አን ሃቺንሰን የምትባል ሴት፣ ሰባኪዎቹ ሰውን ወደ ሥራው እንዲያይ እያደረጉ መልሰው ከሕግ በታች ይጥሉታል ብላ ተነሳች። በኅዳር 1637 የተከሰሰችው በዚሁ በሼፐርድ ከተማ ነው፤ ሼፐርድም ከተቃወሟት አንዱ ነበር። ከማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት አባረሯት። በዚያ በአምስተኛው ወር ላይ ሆኜ ባገኛት ኖሮ እግሯ ላይ እወድቅ ነበር። ግን ችሎት ፊት እግዚአብሔር በቀጥታ ገለጠልኝ ወደ ማለት ስትሄድ ተለየኋት። «ጌታ ነገረኝ» የሚል ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል የኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን የማደርገው ይህን ያህል ነው። ደብተሩን የምከፍተው በወር አንድ ቀን፣ ከጌታ እራት በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ከግማሽ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ነው። መጀመሪያ አንድ የተስፋ ቃል በእጄ እጽፋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ኢሳይያስ 42፥3ን፣ «የተቀጠቀጠን ሸምበቆ አይሰብርም፥ የሚጤስንም የጥዋፍ ክር አያጠፋም»። ሌላው ፒዩሪታን ሪቻርድ ሲብስ በ1630 ያሳተመው መጽሐፍ ሙሉውን በዚህ ቃል ላይ ነው፤ ባክስተርን በልጅነቱ የረዳውም አንድ ደሃ ሱቅ በደረቴ ከቤታቸው በር ድረስ አምጥቶ የሸጠላቸው ይኸው መጽሐፍ ነው። ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ግን እሳት በሌለበት ጢስ ከየት ይመጣል? ከዚያ ኃጢአት ስጽፍ ከጎኑ የሰው ስም እጽፋለሁ፤ እሑድ ከመድረሱ በፊት የምደውልለት ወይም ይቅርታ የምለው ሰው። ስም የሌለው ኃጢአት ብዙ ጊዜ ጭጋግ ሆኖ ነው ያገኘሁት። «መቼ?» የሚለውን ጥያቄ ሰርዤዋለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደክሞኝ፣ ራሴን አልመረምርም፤ በዚያ ሰዓት ጻድቅ ሆኖ የሚታይ ሰው የለም።

ልጄን ምን እንዳልኳት? መጀመሪያ ስለ ደብተሩ ይቅርታ ጠየቅኋት። ቀጥዬ ምን እንደምትፈራ ጠየቅኋት። እንደ ሱዎል ብዙ አላለቀስንም፤ ግን ጸልየን ከተነሳን በኋላ አልጋዋ ላይ ሆና ስለ ትምህርት ቤት ጓደኛዋ ታወራኝ ጀመር፤ እኔም ደስ ብሎኝ እስከ ሥራ መግቢያ ሰዓቴ ሰማኋት።

ጋሼ ከምንላቸው ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ለአንዱ ሁሉን ነገርኳቸው። በደርግ ጊዜ በሰው ቤት በድብቅ እየተሰበሰቡ ያመኑ ሰው ናቸው። «ፎርሙ ላይ ምን ጻፍክ?» አሉኝ። ባዶ ተውኩት አልኩ። ሳቁ። «ያኔ ስም መጻፍ፣ ቀን መጻፍ አደጋ ነበረ። ማን ይጽፋል? እኔ እዚህ ስሞላ ‹ክረምት ነበር› ብዬ ነው የሞላሁት» አሉ።

ባለፈው ማክሰኞ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ደወለችልኝ። ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተር እያስገባች ነበር። «ወንድሜ፣ ቀኑን ረስተኸዋል» አለች። ክረምት ነበር ብለሽ ጻፊው አልኳት። «ለጋሼም እንዲሁ አስቸግሮኛል፤ ቁጥር ካልሆነ አይቀበልም» ብላ ሳቀች። ትንሽ ዝም አለችና «የዛሬውን ላድርገው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አድርጊው» አልኳት።