ጠባሳህ የታል?

ድሬዳዋ ከዚራ፣ እህቴ ቤት በረንዳ ላይ ነን። ወሩ ሐምሌ ነው። መሽቷል፣ ግድግዳው ግን ቀን የጠጣውን ሙቀት ገና እየተፋ ነው። ፈጢራው አልቋል። ሰባት ሰው ባንዴ ያወራል፤ ድሬ ላይ ተራ መጠበቅ የለም። በዚህ መሃል መብራት ድርግም አለ። ወሬውም አብሮ ጠፋ። ምን ነካቸው ስል፣ አብሮ አደጌ የስልኩን መብራት አበራና ደረቴ ላይ አነጣጠረው።

«አለህ?» አለኝ።

ሊቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። ፊቱ ላይ ሳቅ የለም። የእህቴ ልጅ ደግሞ ከጓዳ ፓወር ባንክ ይዛ እየሮጠች መጣች። «አጎቴ፣ በየቱ ገመድ ነው የምትሞላው?»

ጥፋቱ የኔ ነው። የመጣሁ ዕለት «ልቤ ውስጥ ፔስሜከር፣ የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ገብቶልኛል» ብዬ ባቆም ጥሩ ነበር። «ዋየርለስ ነው» ብዬ ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ እረፍት የለኝም። አንዱ ፓስዎርዱን ይጠይቀኛል። ሌላው የደቻቱን ወንዝ ስሻገር ኔትወርክ እንዳይቆራረጥብኝ ይሰጋል።

እንግዲህ ለመጨረሻ ጊዜ ላስረዳ። ዋየርለስ ያልኩት ሽቦ የለውም ለማለት ነው። የተለመደው ፔስሜከር ከትከሻ ዝቅ ብሎ ቆዳ ሥር ይቀበርና ሽቦው በደም ሥር ወደ ልብ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ጣጣ የሚያመጣውም ያው ሽቦው ነው። ይሰበራል፣ የተቀበረበት ቦታም ሊመረቅዝ ይችላል። የኔው ግን ባትሪውም ኮምፒውተሩም ባንድ ላይ የታሸገ፣ ትልቅ የቫይታሚን እንክብል የሚያህል ነገር ነው። ርዝመቱ 2.6 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ክብደቱ 2 ግራም ቢሆን ነው። ማይክራ ይባላል። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 2016 ነው የፈቀዱት። በአራት ትንንሽ መንጠቆዎች የልብን የታችኛውን ቀኝ ክፍል ከውስጥ ይዞ ይቀመጣል። ሁልጊዜ አይሠራም፣ ያዳምጣል። ልቤ ከተባለላት ቁጥር በታች ስትዘገይ ብቻ ጠቅ ያደርጋታል። ለነሱ የገባቸው በወያላ ሳስረዳቸው ነው። ሾፌሩ በሰላም ከነዳ ወያላው ዝም ይላል፤ ሾፌሩ ሲያንቀላፋ በሩን ይደበድባል።

«አቦ፣ አወዳይ እያለልህ ለዚህ ስዊድን ምን አስኬደህ!» አለ አብሮ አደጌ፣ ጫቱን ከላስቲኩ እያወጣ። ልብ ማስሮጥና ልብ ማስተካከል ለየቅል ነው ብል ማን ሊሰማኝ።

ስቶክሆልም የምሠራው ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አጥባለሁ፣ መድኃኒት አቀብላለሁ፣ ገንፎ አገነፋለሁ። የነሱን ገንፎ ማለቴ ነው፣ ቅቤና በርበሬ የማያውቀውን። ሁለት ወር ያህል ራሴን ሲያዞረኝ ከርሞ ወደ ጤና ጣቢያ ደወልኩ። ውሃ ጠጣ፣ እረፍት አድርግ፣ አልቬዶን፣ የነሱን ፓራሲታሞል፣ ውሰድ አሉኝ። እዚያ የኖረ ሰው ይህን መልስ በቃሉ ይወጣዋል። እግርህን ባቡር ቢቆርጠው እንኳ መጀመሪያ አልቬዶን ነው።

አንድ ጠዋት የ91 ዓመት አሮጊት ወጥ ቤት ውስጥ ተዘረርኩ። ሴትዮዋ አንገታቸው ላይ የአደጋ ጊዜ መጥሪያ አለ። ለሳቸው የተሰጠውን ቁልፍ ለኔ ተጫኑት። ስነቃ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ይዘውታል። ማን ማንን እየተንከባከበ እንደነበር እንጃ። አምቡላንሶቹ ሲለኩኝ የልቤ ምት በደቂቃ 34 ነበር።

ሆስፒታል ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ በፍጥነት ሄደ፣ አላማርራቸውም። የማልረሳው ሌላ ነገር ነው። እስካሁን ሌሊት ትዝ እያለኝ ብርድ ልብሱን ወደ ፊቴ የምስበው።

ነርሷ «ነገሩ ቀልድ አይደለም፣ አስተርጓሚ ይኑር» አለች። አያስፈልገኝም አልኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩበት ቋንቋ ነው። አይሆንም አለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው። አንዲት ሴት በጥሩ አማርኛ ሰላም አለችኝ።

«ነርሷ ሰውነትዎን አዘጋጃለሁ ትላለች» አለች።

«እንዴት ነው የምታዘጋጀኝ?»

«ጠጉር… ታነሳለች።»

«የራስ ጠጉሬን?»

«አይ። ወረድ ይላል።»

«የደረቴን?»

ትንሽ ዝም አለች። «አሁንም ወረድ ይላል» አለች።

ለካ ይህ እንክብል የሚገባው በደረት አይደለም። በብሽሽት በኩል ባለው ትልቅ የደም ሥር ነው ወደ ልብ የሚወጣው። ይህን የተረዳሁትና የአስተርጓሚዋን ድምፅ የለየሁት እኩል ነው። በየፋሲካው የማኅበራችን አዳራሽ በር ላይ ቆማ የእንጀራ ትኬት የምትሸጥልን ሴትዮ ነች! ነርሷ ምላጭ የያዘች የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ነች። በየቀኑ የስንቱን ሽማግሌ ገላ የማጥበው እኔ፣ «ነውር የለውም አባቴ፣ ሥራ ነው» የምለው እኔ፣ ጣራ ጣራውን እያየሁ አላበኝ። ስልኩ አልተዘጋም። ሴትዮዋ እዚያ ሆና ጸጥታውን ታደምጣለች።

ለማንም አላወራችም። ሙያዋ ይከለክላታል፣ እሷም ጨዋ ነች። ግን ድሮ «ውሰድ እንጂ ወንድሜ፣ ምነው ፈራህ» ትለኝ የነበረችው ሴት፣ ከዚያ ወዲህ ባገኘችኝ ቁጥር «እርስዎ» ትለኛለች። በክርስትና ድግስ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ደህና ሰነበቱ?» አንድ ሰው ቢያወራብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥራዬ ስመለስ አሮጊቷ በጉጉት ጠበቁኝ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈተው ከትከሻቸው በታች ያበጠችውን ነገር አሳዩኝ። የሳቸው ፔስሜከር ባለ ሽቦ ነው። «ያንተስ?» አሉኝ። ምንም የለም ስላቸው ቅር አላቸው። ከዚያ ስለ አገራቸው ልጅ ነገሩኝ። አርነ ላርሰን ይባላል። በፈረንጆቹ 1958፣ ጥቅምት ላይ፣ እዚያው ስቶክሆልም አጠገብ ሶልና ውስጥ፣ ሙሉ በሙሉ ሰውነት ውስጥ የሚቀበር ፔስሜከር በዓለም መጀመሪያ የተገጠመለት ሰው ነው። መሣሪያውን የሠራው ኢንጂነር ሩነ ኤልምክቪስት ቅርጹን ያወጣው በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነው። የለገሐሬ ሊስትሮዎች ይህን ቢሰሙ! የመጀመሪያው ሰዓታት ብቻ ሠርቶ ቆመ። ላርሰን ግን 26 መሣሪያ ቀያይሮ፣ ኢንጂነሩንም ቀዶ ሐኪሙንም ቀብሮ፣ በ2001 በ86 ዓመቱ ነው የሞተው።

ወደ ድሬ ልመለስ። የጎረቤታችን ጋሼ የሸመንደፈር ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞተር ሲፈቱ ሲገጥሙ የኖሩ ሰው። ሸሚዜን ገልበው ደረቴን በእጃቸው ዳበሱት። «ጠባሳህ የታል?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። «ሽቦ የለው፣ ጠባሳ የለው። ተበልተሃል ልጄ። ገንዘብ ከፍለሃል?» ከመንገዱ ማዶ አንዲት ልጅ አለች፣ የልብ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ከአንገቷ እስከ ሆዷ የወረደ ጠባሳ ያላት። እሷን ጠቁመው «እንዲህ ነው የልብ ሕክምና» አሉ። ሰፈሩም በሳቸው ፈረደ። የኔ ጠባሳ የት እንዳለ ደግሞ በድሬ አደባባይ እንዴት ብዬ ልናገር? እሱም ቢሆን አንዲት ትንሽ ነጠብጣብ ናት።

መንገድ ላይም ይኸው ገጠመኝ። በየት አገር እንደሆነ ልተወው፣ አንድ አየር ማረፊያ ላይ ሳልጠየቅ የፔስሜከር ካርዴን አወጣሁ። ፈታሹ ደረቴን አይቶ ምንም አላገኘም። «በየት ገባ?» አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። የሰደብኩት መሰለው። አንድ ሰዓት ከጠባብ ክፍል አስቀመጡኝ።

እማዬ ብቻ ነች ጠባሳ ያልጠየቀችኝ። ይህን ጉዞ የመጣሁትም ለሷ ነው፣ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስላልኝ ስለቱን ለማድረስ። ሐምሌ 19 ከሕዝቡ መሃል ቆማ እልል አለች። አጠገባችን ለቆሙት ሁሉ «ልጄን ያለ ቢላ፣ ያለ ጠባሳ ፈወሰልኝ፣ እዩት!» ትላቸዋለች። ሰውነቴን እያዩ አማተቡ። ስዊድን የሚባል ነገር አልተነሳም። እኔም አፌን ያዝኩ። ጋሼን አፍ የሚያሲዝ መልስ ተገኝቷል፣ ምን አናገረኝ።

የሰፈሩ ጎረምሶች ግን ሌላ ነገር ነው የሰሙት። «ውጭ ልብ በነጻ ይቀየራል» አሉ። ሁለቱ በጅቡቲ አድርገው በባሕር ሊሄዱ እያሰቡ ነው። እንግዲህ ስሙኝ። መጀመሪያ፣ ልብ አልተቀየረልኝም። ሁለተኛ፣ በትንሽ ገንዘብ የታከምኩት የመኖሪያ ወረቀት ስላለኝና ነዋሪ ሆኜ ስለተመዘገብኩ ነው። ወረቀት የሌለው ትልቅ ሰው እዚያ የሚያገኘው ጊዜ የማይሰጥ ሕክምና ነው፤ እሱንም ቢሆን እያዛለሁ ብሎ ፈርቶ ሆስፒታል ደጅ ሳይደርስ ይቀራል። እናንተ ጤነኛ ልብ ይዛችሁ ባሕር ላይ ልታስቆሙት ነው። ወላሂ ነው የምላችሁ። ሰምተውኛል? አንደኛው ጫማዬ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ።

ጠቅልሎ መግባቱንም አስቤበታለሁ። ለዚህም ጣጣ አለው። የአንዱን ኩባንያ ፔስሜከር የሚያነብበው የዚያው ኩባንያ መሣሪያ ነው። ስቶክሆልም ቤቴ ውስጥ አንድ ዕቃ ደረቴ ላይ ደግፌ መረጃውን ለሆስፒታሉ እልካለሁ። እዚህ ለሚያነብልኝ ሐኪም ከየት እንደሚመጣ ሳላጣራ ሻንጣ አላነሳም። እናንተም ይህ ነገር ኖሮባችሁ አገር የምትገቡ፣ የመሣሪያውን ስምና ሞዴል የያዘ ካርድ ከፓስፖርታችሁ ጋር አድርጉ። ስልክ ደረት ኪስ ውስጥ አይከተትም፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት።

የመሄጃዬ ዋዜማ ማታ እማዬ ሻንጣዬን እየጠቀጠቀች «ያ ነገር ድንጋዩ ሲያልቅስ?» አለችኝ። ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል አልኳት። ሲያልቅ የዱሮውን ብዙ ጊዜ አያወጡትም፣ ያጠፉትና አዲስ አጠገቡ ያስገባሉ።

«ታዲያ ልብህ የጉምሩክ መጋዘን ነች?»

ስቶክሆልም ደርሼ ሻንጣውን ስከፍት በርበሬው አለ፣ ሽሮው አለ፣ ከቁልቢ የመጣው ጠበልም በሀይላንድ አለ። ከጠበሉ ጋር በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ነገር አገኘሁ። ፈታሁት። አራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ።