ዘጌ ላይ የሚዘገይ ስልክ

ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር እንግዳ የምንጠብቅ አስጎብኚዎች ሥራ ሲቀዘቅዝ የምንከራከረው በሁለት ነገር ነው፤ በእግር ኳስና በስልክ። የስልኩ ክርክር ሁልጊዜ የሚደርሰው ስንት ኮር፣ ስንት ጊጋኸርዝ ወደሚል ቁጥር ነው። እኔ ግን ከአሮጌ ስልኬ ጋር ከታገልኩ በኋላ የደረስኩበት ሌላ ነው፤ ብዙውን ሰው ስልኩን የሚያስጥለው መንቀርፈፍ ከፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ከስልኩ አእምሮ ጋር እምብዛም አይገናኝም።

ስልኬ 2 ጊጋባይት ራም (የተከፈቱ መተግበሪያዎች ለጊዜው የሚያርፉበት) እና 32 ጊጋባይት ማከማቻ (ፎቶና ፋይል የሚቀመጥበት) ያለው አንድሮይድ ነው። ጨዋታ አልጫወትበትም። ጀልባው ወደ ዘጌ ሲጓዝ ካርታ አሳይበታለሁ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስንደርስ እንግዶቼን ፎቶ አነሳበታለሁ፣ ማታ ፎቶውን በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ፣ ክፍያም እቀበልበታለሁ። ችግሩ ካሜራው ነበር። ነክቼው እስኪከፈት አባታችን ሆይ ደግሞ መጨረስ ይቻላል፤ በገዳም ቅጥር ውስጥ ይህ ነውር ባይሆንም እንግዳ ፈገግታውን ይዞ እስከዚያ አይቆይም።

የአክስቴ ልጅ «ጋሼ፣ ይህን ይተዉትና እንደ እኔ ያለውን ይግዙ» እያለ ይወተውተኝ ነበር። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ልመዝነው ፈለግሁ። የእሱን አዲስ ስልክና የእኔን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ አንድ ዓይነት ሥራ እያሠራኋቸው በሦስተኛ ስልክ በቪዲዮ ቀረጽኳቸው፤ ከዚያ ቪዲዮውን አዘግይቼ ተመለከትኩ። ቪዲዮ በማቀናበር የእሱ ስልክ ወደር አልነበረውም። መልእክት በመጻፍ፣ በመደወልና ካርታ በማየት ግን ልዩነቱ ለክርክር የሚያበቃ አልነበረም። የእኔ ካሜራ አንዳንዴ ቶሎ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይደነዝዛል። ያነቃኝ ይህ «አንዳንዴ» ነው። ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ እኩል ይዘገይ ነበር።

ስከታተለው ካሜራው የሚደነዝዘው ቴሌግራም ከየቡድኑ ቪዲዮ በራሱ በሚያወርድበት ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ሻጭ ስሙን የማያነሳው ዕቃ ውስጥ ነው፤ ማከማቻው ውስጥ። በርካሽ ስልኮች የሚበዛው ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዓይነት ነው። 5.1 የተባለው ደረጃው ቢበዛ በሰከንድ 400 ሜጋባይት ያሳልፋል፤ ያውም መጻፍንና ማንበብን በአንድ ጊዜ አይችልም። እንደ አንዲት ታንኳ ነው፤ ወዲያ እየተሻገረች ሳለ ወዲህ ሰው ማምጣት አትችልም። በውድ ስልኮች ያለው ዩኤፍኤስ ግን እየጻፈ ያነብባል፤ 3.1 የተባለው ደረጃው በሁለት መስመር በሰከንድ እስከ 2,900 ሜጋባይት ማሳለፍ ይችላል። ማከማቻው ሲሞላ ደግሞ ይብሳል፤ አዲስ ፋይል ለማስገባት የነበረውን እያነሳ ሌላ ቦታ ማስፈር፣ ከዚያም የቀድሞውን ቦታ መደምሰስ ይኖርበታል። የእኔ ማከማቻ ባዶ ቦታ የሚባል አልነበረውም።

እንግዲህ ማከማቻውን መለወጥ አልችልም፤ የተበየደው ሰሌዳው ላይ ነው። የምችለው ሶፍትዌሩ የሚጭንበትን ሸክም ማቃለል ነው። ቴሌግራም በራሱ እንዳያወርድ ከቅንብሮቹ አጠፋሁ፤ ያጠራቀማቸውን ጊዜያዊ ፋይሎችም ደመሰስኩ። የእንግዶችን ፎቶዎች ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ከስልኩ አወጣሁ። ከስልኩ ጋር የመጡና ከፍቼ የማላውቃቸውን መተግበሪያዎች አሰናከልኩ። ሩብ የሚሆነው ማከማቻ ባዶ ሲሆን ካሜራው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ፍጥነት ይከፈት ጀመር። የአክስቴን ልጅ ስልክ አልደረሰበትም፤ ፈገግታ ላይ ግን ይደርሳል።

ራም ያጸዳሉ የሚባሉ መተግበሪያዎችን ሰው ሲያሞግስ ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። አንድሮይድ ራም ሲጠበው ከኋላ ያለውን ራሱ መርጦ ይዘጋል። ሁሉንም በየሰዓቱ ስንዘጋበት እያንዳንዱን መተግበሪያ ከዚያው ከዘገምተኛው ማከማቻ እንደገና ሊጭን ይገደዳል፤ ባትሪውም አብሮ ያልቃል። ስልኩ «ተፋጠነ» የሚለው ባለ ቀለም ማሳያ ለዓይን ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ፍጥነት የሚመስል ነገር ነው። ስለ ስልኩ በሚለው ገጽ የግንባታ ቁጥሩን 7 ጊዜ ስነካ የገንቢዎች አማራጮች ተከፈቱ፤ እዚያ ያሉትን 3 የእንቅስቃሴ ልኬቶች ከ1 ወደ 0.5 አወረድኳቸው። ገጾች የሚገለጡበት ጊዜ በግማሽ አጠረ። ፕሮሰሰሩ ያው ነው፣ የአክስቴ ልጅ ግን «ምን አደረጉት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ባትሪውንም አስቀየርኩ። ያረጀ ባትሪ ፍጥነትን እንደሚነካ ዓለም ያወቀው በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ነው። አፕል ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖች በድንገት እንዳይጠፉ ሶፍትዌሩ ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ አመነ፤ ከዋስትና ውጭ የሆነ የባትሪ ቅያሪ ዋጋንም ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። አዲስ ባትሪ ሲገባላቸው ስልኮቹ ወደ ቀድሞ ፍጥነታቸው ተመለሱ። ፕሮሰሰሩ እንከን ሳይኖርበት ስልኩ ሊንቀራፈፍ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ያልጠበቅኩት ፈተና ሐይቁ ላይ መጣ። ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐዩ ከላይም ከውኃውም ይመታል። አፕል እንኳ አይፎን የሚሠራበትን የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ብሎ ወስኗል፤ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ስልክ ከዚያ ያልፋል። የአክስቴ ልጅ ስልክ ቪዲዮ እየቀረጸ ሲግል ማያ ገጹ ፈዘዘ፣ እንቅስቃሴውም ተጎተተ። ፈጣን ፕሮሰሰር ሲሠራ ይሞቃል፤ ሙቀቱን የሚያወጣበት ሲያጣ ሶፍትዌሩ ልጓሙን ይስባል። አሁን ሁለታችንም በነጠላ ጥላ ሥር ነው የምንቀርጸው።

ሶፍትዌር ግን ተአምር አይሠራም። ዋትስአፕ ከፈረንጆቹ 2025 መግቢያ ጀምሮ አንድሮይድ 4.4 በሚባለው አሮጌ ስሪት ላይ መሥራት አቁሟል፤ እንዲህ ሲሆን ማጽዳትም ሆነ ማቃለል ከንቱ ነው። በአንጻሩ ቴሌብር *127# ላይ ስለሚሠራ የቁልፍ ስልክ የያዘው የጀልባ ነጂያችን ከእኔ እኩል ክፍያ ይቀበላል። ጉግል በ2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በ2024 ለጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት የሶፍትዌር ዝመና ቃል መግባታቸውን ከኮር ብዛት በላይ የምመለከተው ለዚህ ነው። ዋጋቸው ከእኔ ኪስ ጋር አይተዋወቅም እንጂ።

ለእህቴ ስልክ ልገዛ ስሄድ ሻጩ የካሜራውን ሜጋፒክስል ይቆጥርልኛል። የማከማቻውን ዓይነት ስጠይቀው ሳጥኑን ያገላብጣል፤ ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። ስለዚህ እዚያው ከፍላሽ ላይ ትልቅ ቪዲዮ ወደ ስልኩ መገልበጥ እጀምርና፣ ሳይጨርስ ካሜራውን ከፍቼ እመለከታለሁ። አንዳንዱ ሻጭ ይቆጣል። ቢቆጣም ገልብጬ እስክጨርስ አልከፍልም።