የሚያብረቀርቅ ቡፌና ጠረጴዛ አያያዝ

ጎንደር ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ከደረቀ በኋላ ጠዋት የተወለወለ ቡፌ ከሰዓት በጣት ያስጽፋል። አቧራው ብቻውን ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው በደረቅ ጨርቅ መፈተጉ ነው። አቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከቫርኒሹ ስለሚጠነክር በተጎተተ ቁጥር ይጭራል። ብርሃን በጎን ሲያርፍበት እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው ጭረት የመጣው ከዚህ ነው። ማብረቂያ ቢቀቡት ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ ሳትጫኑ አራግፉ። ከዚያ አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ። ያረጀ የጥጥ ካናቴራ ነክራችሁ ጠብ እስከማይል ጭመቁና የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ ጥረጉ። ሳሙናውን በንጹህ ውሃ በረጠበ ሌላ ጨርቅ አንሱ፤ ወዲያው አድርቁ። ዕቃው ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ከሆነ ጠርዙን አደራ፤ ውሃ ጠጥቶ አንዴ ካበጠ አይመለስም። የዱቄት ሳሙናና በረኪና አታስጠጉ። የዕጣን ጭስ ተደራርቦ የሚያጣብቅ ቢጫ ሽፋን ከሠራ በዚሁ ሳሙና ደጋግማችሁ ጥረጉት እንጂ በሽቦ አትፈትጉት። ቄጠማ ስትጎዘጉዙም ከቡፌው እግር ራቅ አድርጉት፤ እርጥበቱ ከታች ይገባል።

ትኩስ ጀበና ወይም ስኒ ያረፈበት ቦታ ነጭ ክብ ቢያወጣ አትደንግጡ። እርጥበቱ ሽፋኑ ውስጥ ታፍኖ ነው እንጂ እንጨቱ ጋ አልደረሰም። አንድ ሁለት ቀን ተዉት፤ አንዳንዱ በራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ ቫዝሊን ወፈር አድርጋችሁ ቀቡትና አሳድሩት፤ ጠዋት በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። አሁንም ካለ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ፣ አንድ ቦታ ሳታቆሙ አንቀሳቅሱበት። የጥርስ ሳሙና ይሠራል የሚሉ አሉ፤ ይሠራል፣ ግን ሽፋኑን እየፋቀ ስለሆነ ቦታው ደብዝዞ ይቀራል። ክቡ ጥቁር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ውሃው እንጨቱ ጋ ደርሷል፤ አናጢ ፍቆ እንደገና ካልቀባው አይለቅም።

ብዙ ቤት የሚሠራው ስህተት ጠረጴዛውን ለመጠበቅ ላስቲክ ማልበስ ነው። ላስቲኩን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ቀስ በቀስ ወደ ላከሩ (እንጨቱ ላይ ወደተቀባው የሚያብረቀርቅ ሽፋን) ይገባና ያላቁጠዋል፤ ሲያነሱት ሽፋኑን ይዞ ይነሳል። የቴሌቪዥን የጎማ እግርም እንዲሁ ነው። ላስቲኩ የግድ ከሆነ ከሥሩ የጥጥ ጨርቅ አንጥፉ። አዲስ የተቀባ ዕቃ ላይ ደግሞ አንድ ወር ያህል ምንም አታልብሱ።

አሴቶን፣ ቲነር፣ ሽቶ፣ አረቄና የእጅ ሳኒታይዘር ላከር ያሟሟሉ። ከፈሰሰ አትሹት፤ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ እንዲመጥጠው ተዉት።

በምግብ ዘይት ማብረቅ አያዋጣም፤ ተበላሽቶ ይሸታል፣ አቧራም ይሰበስባል። ሲሊከን ያለበት የሚረጭ ማብረቂያም ቆንጆ ያበራል፤ ጣጣው የሚመጣው ዕቃው እንደገና ሲቀባ ነው። ጥቂት ከቀረ እንኳ አዲሱ ቫርኒሽ አይይዝም፤ ክብ ክብ ጉድጓድ እያወጣ ይሸሻል። ስለዚህ ለማስቀባት ስትሰጡ ምን ስትቀቡት እንደኖራችሁ ለአናጢው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ መጀመሪያ የሚያጥብበትን ይመርጣል።