ቆርቆሮ ከተመታ በኋላ

የቤት ማኅበራችን ጸሐፊ ከሆንኩ ወዲህ የሰው ሰላምታ ተቀይሯል። «እንዴት ከረምሽ?» ቀርቶ «ጥሩ ኮንትራክተር ታውቂያለሽ?» ሆኗል። ስም አልሰጥም። ባሕር ዳር ላይ አብረውኝ ቦታ የደረሳቸው ሰዎች ውል ሁሉ በእጄ ስላለፈ፣ የአንዱን ቤት ደስ በሚል ሁኔታ ያስረከበ ሰው ቀጣዩን ባለቤት ሲያስለቅስ አይቻለሁ። ሰውየው ያው ነው። የተለየው አከፋፈሉ ነው።

አብዛኛው ውል ክፍያውን በደረጃ ይከፋፍላል፦ መሠረት፣ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) እና ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ልስን፣ ማጠናቀቂያ። ሲያዩት ምንም አይልም። ነገሩ ያለው በየደረጃው አንጻር የተጻፈው ብር ላይ ነው። ኮንትራክተሩ የመሠረቱንና የጣሪያውን ዋጋ ወፈር፣ የልስኑንና የማጠናቀቂያውን ቀጠን አድርጎ ያቀርባል። ባለቤት ድምሩን ብቻ ያይና «ከሌላው ይረክሳል» ብሎ ይፈርማል። ቆርቆሮው በተመታ ማግስት ሰውየው ትርፉን ጠቅልሎ ወስዷል፤ የቀረው ሥራ ደግሞ ጊዜ የሚበላው፣ ጥሩ ባለሙያ የሚጠይቀውና የማያዋጣው ነው። ሌላ ሰው ግቢ መሠረት ሊያስቆፍር ይሄዳል። መጀመሪያ «ለቅሶ ላይ ነኝ» ይላል፣ ከዚያ ስልኩ ዝም ይላል። ስለዚህ ድምሩን ለጊዜው ተዉትና የልስኑን ዋጋ ለሌላ ለሳኝ አሳዩት። «ይህን ቤት በዚህ ብር ትለስናለህ?» በሉት። ከሳቀ ውሉን መልሱት።

በእጅ ዋጋ፣ ማለትም ዕቃውን ራሱ እየገዛ ለጉልበት ብቻ እየከፈለ የሚያሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ካየኋቸው ውሎች አንዱ ግማሽ ገጽ ነበር፤ ዋናው አንቀጽ «ቤቱን አሳምሮ ሊሠራ ተስማምቷል» ይላል። አሳምሮ! የትኛው ዳኛ ነው ይህን በሜትር የሚለካው? የባሕር ዛፍ አጣናውን፣ ሚስማሩን፣ የሚክሰሩን ኪራይ ማን ይችላል? ውኃ ቢጠፋ በቦቴ የሚያስመጣው ማነው? የሌሊት ጥበቃውስ? ጠቡ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው እንጂ ከትልቁ ዋጋ አይደለም።

ብረት ላይ ሂሳብ አስተምራችኋለሁ፣ የሙያ ሰው መሆን አያስፈልግም። የብረቱን ቁጥር፣ ማለትም ውፍረቱን በሚሊሜትር፣ በራሱ አባዙት፣ ለ162 አካፍሉት፣ የአንዱን ሜትር ክብደት በኪሎ ይሰጣችኋል። 12 ቁጥር ብረት 144 ለ162፣ በሜትር 0.89 ኪሎ ገደማ። አንድ በርጋ 12 ሜትር ስለሆነ 10.7 ኪሎ አካባቢ መምጣት አለበት። 14 ቁጥር 14.5፣ 16 ቁጥር ደግሞ 19 ገደማ። ትንሽ ግራም ከፍና ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። ከአንዲት የማኅበራችን አባል ጋር ሆነን ከተራገፈው ብረት አንድ በርጋ ስበን፣ ለሁለት አጥፈን ሚዛን ላይ ስናወጣው 9 ኪሎ ተኩል እንኳ አልሞላም። ፌራዮው (ብረት አሳሪው) ቆሞ ያየን ነበር። «እትዬ፣ ይኼማ 12 ተብሎ የሚሸጥ ነው» አለ፣ ምንም ነውር እንደሌለው። በዲዛይኑ ላይ የተጻፈው 12 ግን የሚሸጠው 12 አይደለም። ጭነቱ ተመለሰ፤ የመመለሻው የጭነት ሂሳብ ያስነሳውን ጭቅጭቅ ተዉት።

አርማታ የሚሞላበት ቀን ፈቃድ ውሰዱና ከሥራ ቅሩ። ሲ-25 ለሚባለው የአርማታ ጥንካሬ ደረጃ ሳይት ላይ የተለመደው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር ነው። ጠዋት ሁሉም በሳጥን ይሰፍራል። ከምሳ በኋላ ሳጥኑ ጥግ ላይ ይቀመጥና በአካፋ ግምት ይጀመራል። ከላይ ደግሞ «ውኃ ጨምር!» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ የቀጠነ አርማታ ለመግፋት ስለሚቀል እኮ ነው፣ ሲደርቅ ግን አቅም የለውም። ሰዎቹን አልፈርድባቸውም፣ ቀኑን ሙሉ ባልዲ የሚቀባበል ሰው ቢቀልለው ደስ ይለዋል። ቆሞ የሚያይ ካለ ግን ሳጥኑ አይቀመጥም። ሶሌታውን (ጠፍጣፋውን አርማታ) ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነም በውሉ ይጻፍ። ካልተጻፈ ኮንትራክተሩ ለዘበኛው፣ ዘበኛው ለባለቤቱ ሲተዉት ሶሌታው በፀሐይ ይሰነጠቃል።

የአፈሩን ነገር ባጭሩ፦ የእኛ ቦታ ዋልካ ነው። ሚያዝያ ላይ ሲቆፈር ድንጋይ ስለሚመስል «ይበቃል፣ ጠንካራ ነው» ይሏችኋል። ዋልካ ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሄዳል። ተቆፍሮ ወጥቶ ገረጋንቲ (ጠጠራም የሙሊት አፈር) ገብቶ በየንብርብሩ መጠቅጠቅ አለበት። የቁፋሮው ጥልቀት በሜትር ተለክቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ሳያልቅ የመሠረት ክፍያ አይለቀቅ።

ኮንትራክተሮችን ብቻ ብወቅስ ግፍ ይሆናል። እኛ ባለቤቶችም «እግረ መንገድህን» የምትል በሽታ አለችብን። እግረ መንገድህን መስኮቷን ወደዚህ፣ እግረ መንገድህን አንድ ሽንት ቤት ለሠራተኛ። እሱ «ችግር የለም» ይላል፣ በልቡ ይጽፋል፣ መጨረሻ ላይ የማታውቁት ሂሳብ ይመጣል። ዋጋው ሥራው ሳይጀመር በወረቀት ይሁን፣ ግማሽ መስመርም ቢሆን።

ከጠቅላላው ክፍያ ከመቶ 5 ወይም 10 ደግሞ ክረምት እስኪያልፍ ያዙ። ይህም ቀድሞ በውሉ ይግባ፣ በኋላ ብትጠይቁት ስድብ ይመስላል። ጣሪያና አሸንዳ በጥር አይፈተንም።

ብዙዎች «የአንድ ዓመት ዋስትና እሰጣለሁ» የሚል ኮንትራክተር ሲያገኙ ይመርቁታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 ግን ሥራ ተቋራጩ ለሥራው ደንበኛነትና ለቤቱ ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። መሬቱ ጉዳት ቢያመጣም ኃላፊው እሱ ነው፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም። ለመክሰስ ግን የሚከሰስ ሰው ያስፈልጋል። ከሌላ በተከራዩት የሥራ ተቋራጭነት ፈቃድ የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ ፈቃዱ ላይ ያለው ስምና ከፊታችሁ የተቀመጠው ሰው መታወቂያ ካልተገጣጠመ፣ ባለፈቃዱ ራሱ መጥቶ ካልፈረመ ቀብድ አትስጡ።