እጅሽ ነው

ያን ሰሞን በተቀቀለ ማሽላ ላይ የምናራባው 40 ጠርሙስ የእንጉዳይ ዘር ተበላሸብን። አረንጓዴ ሻጋታ ቢሆን ለምደነዋል፤ ገና ከሩቅ ይታያል። ይሄ ግን ማሽላውን አርጥቦ፣ አዝለግልጎ ጠርሙሱ ላይ ለጥፎታል። አንዱን ብከፍተው የከረመ ቡሆ ሸተተኝ። ባክቴሪያ ነው።

አለቃችን መጡና አሸተቱ። ከዚያ ጠርሙሱን ትተው እኔን አዩኝ።

«እጅሽን በአልኮል ጠርገሻል?»

«ጠርጌያለሁ።»

«እሳቱ አጠገብ ሆነሽ ነው የዘራሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እና ባክቴሪያው በእግሩ ሄዶ ገባ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ጠላ ጠምቃ ያሳደገችኝ እናት ልጅ ነኝ። እኛ ቤት «እጅሽ ያበላሻል» ማለት ከስድብም ስድብ ነው።

ማታ መደርደሪያውን ስበረብር ከተቀቀሉ በኋላ ሳይከፈቱ የቀሩ ሁለት ጠርሙሶች አገኘሁ። ዘር አልገባባቸውም። የእኔም እጅ አልገባም። እነሱም ኮምጥጠዋል!

ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩላቸው።

«መመሪያው በግፊት ድስት በ15 ፒኤስአይ ግፊት፣ 90 ደቂቃ ቀቅሉ ነው የሚለው» አሉ።

«መመሪያው ለባሕር ጠረፍ ነው፣ ጋሼ። እዚያ 15 ላይ 121 ዲግሪ ይደርሳል። እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ የግፊት መለኪያው ጌጅ 15 ቢልም ውስጡ 117 አካባቢ ነው። የባክቴሪያው ስፖር፣ ማለትም ተኝቶ የሚቆይበት ጠንካራ ቅርጹ፣ ደግሞ በዋዛ አይሞትም። ባቄላ እንኳ አዋሽና አዲስ አበባ እኩል አይበስልም።»

ዝም አሉ። ጌጁን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «እንግዲህ 2 ሰዓት ተኩል ይቀቀል» ብለው ወጡ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም። ግን ያን ቀን ምሳ እንዴት እንደጣፈጠኝ!

በሚቀጥለው ዙር ስድስት ጠርሙስ ኮመጠጠ። የማን እንደሆኑ አውቃለሁ። በድሌ ሰክሬ ማሽላውን ማታ መዘፍዘፍ ረስቼ ነበር። ሲዘፈዘፍ የሚያድረው እኮ ስፖሩ እንዲነቃ ነው፤ የነቃውን እሳት በቀላሉ ይገድለዋል። የመጨረሻውን ድስት ደግሞ ውኃው ሳይጠፍፍ ነው የሞላሁት። አለቃችን ሳይገቡ ስድስቱንም ጓሮ ወስጄ ደፋሁ።

አሁን ሠልጣኝ በመጣ ቁጥር አለቃችን ጌጁን እያሳዩ፣ «አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይሄን እኔ ነኝ የደረስኩበት» ይላሉ። እኔ ከኋላ ማሽላ አሰጣለሁ። ባለፈው አንዷ ሠልጣኝ ጠጋ ብላ፣ «ይሄን ያህል ጠፈፍ እስኪል ለምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ።

«ልማድ ነው» አልኳት።