አምስተኛው ሲደርስ

ቅዳሴ የሚገባው አምስት ልዑካን ሲሟሉ ነው። ሁለት ቀሳውስት፣ ሦስት ዲያቆናት። ደሴ መድኃኔ ዓለም እያስቀደስን ላደግን ልጆች አገልጋይ ይጎድላል የሚለው ነገር ትዝም ብሎን አያውቅም። ለእረፍት መጥቼ ባለፈው እሑድ አክስቴን ተከትዬ በኩታበር መንገድ ወዳለችው አጥቢያዋ እስክሄድ ድረስ እኔም አስቤው አላውቅም ነበር።

ትንሽ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ናት። ክብ፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ፣ ዙሪያዋን ጽድና ወይራ። ደወሏ ድንጋይ ነው። ረጃጅም ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከወይራው ቅርንጫፍ በጠፍር ተንጠልጥለዋል። አንደኛው ከመመታት ብዛት ጫፉ ጎድጉዷል።

ደወሉ ተደወለ፣ ሕዝቡ ተሰበሰበ፣ ቅዳሴው ግን አልገባም።

«ምነው?» አልኳት አክስቴን።

«አንዱ ዲያቆን አልደረሰም። ደሴ ነው የሚማረው።»

«ካልመጣስ?»

«የኪዳን ጸሎት ብቻ ይደርስና ወደየቤታችን ነዋ!»

ልጁ አሥረኛ ክፍል ነው። ደሴ ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ለእሑድ ይመለሳል። ቅዳሜ ማታ መኪና አጥቶ ሌሊቱን በእግሩ ሲገሰግስ ነው ያደረው። እያለከለከ ደረሰ፤ ፕላስቲክ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። የለበሰው ልብሰ ተክህኖ ለትልቅ ሰው የተሰፋ ስለሆነ እጅጌውን ደጋግሞ አጥፎታል። «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ግን ድምፁ ውጭ ዛፍ ሥር እስከቆሙት ድረስ ተሰማ። እንባዬ መጣ።

ከቅዳሴ በኋላ አባ አጠገቤ ተቀመጡ። «ለንግሥማ ካህኑ ከየአጥቢያው ይመጣልናል ልጄ። የሚቸግረን ተራው እሑድ ነው። ከዚህ ልጅ በፊት የነበረው ዲያቆን አረብ አገር ሄደ።»

እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እዚያ የምናስቀድሰው ጀርመኖች በፈቀዱልን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሰዓታችን ሲያልቅ መጋረጃችንንና ከበሯችንን ሰብስበን እንወጣለን። ዲያቆን ግን ሞልቷል። ቤት የለንም እንጂ አገልጋይ አልቸገረንም። እዚህ ደግሞ ቤቱ አለ፣ ቅጥሩ አለ፣ ሕዝቡም አለ።

ውጭ ያለን ሰዎች ለሕንፃ ሲሆን እጃችን ቶሎ ይፈታል። የኛም ማኅበር የዚህችን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በብሎኬት ለማሠራት ማዋጣት ጀምሯል። እኔ ግን ይቆይ ባይ ነኝ። ጭቃው ቢረግፍ ጎረቤት ወጥቶ ይመርገዋል፤ ወሎ ነውና ሙስሊሙም ጭቃ ሊያቦካ ይመጣል። ሲቀር በጎረቤት የማይተካው ዲያቆኑ ነው።

ስለዚህ ስመለስ ለማኅበሩ የማቀርበው ሌላ ነገር ነው፦ በየወሩ የልጁን የቤት ኪራይና የመኪና እንቻል። ዳዊት የሚደግሙ ሁለት ታናናሽ ልጆችም እንዳሉ አባ ነግረውኛል። እነሱም ነገ ደሴ መውጣታቸው አይቀርም፤ ከወዲሁ ቢታሰብላቸው ጥሩ ነው።

አክስቴ ደግሞ ለመገበሪያ የሚሆን ዘቢብ እንዳልረሳ አደራ ብላኛለች። ደሴ ላይ ዋጋው አልቀመስ ብሏል።