ሦስተኛውን ሲፕሮ ከመዋጥሽ በፊት ካልቸር አሠሪ

ይህን የምጽፈው ሽንቷ ባቃጠላት ቁጥር «ታይፎይድ አለብሽ» ተብላ መድኃኒት በፌስታል ይዛ ወደ ቤቷ ለምትመለስ ሴት ነው። ካልቸር ማለት ከሽንት ወይም ከደም ባክቴሪያውን አብቅሎ ምን እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የሚያሳይ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። እኔም በዚህ መንገድ ከዓመት በላይ ተመላልሻለሁ። ጎንደር ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ያ ሁሉ ስቃይና ወጪ ይቀርልኝ ነበርና ሌላዋ ሳትሰማው እንድትቀር አልፈልግም።

የመጀመሪያው ጊዜ ቀላል ነበር። ስሸና ያቃጥለኛል፣ ቶሎ ቶሎ ያስሮጠኛል፣ ደርሼ ስቀመጥ ጠብ ከማለት አያልፍም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ሽንት ሰጠሁ፣ «ፐስ ሴል በዝቷል» አሉኝ (ኢንፌክሽን ሲኖር ሽንት ውስጥ የሚበዛ ነጭ የደም ሴል ነው)፣ ሲፕሮ፣ ማለትም ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ፣ ታዘዘልኝ፣ ተሻለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሲመለስ ግን ከማቃጠሉ ሌላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ጨመረበት። እናቴ «ድንጋይ ላይ እየተቀመጥሽ ብርድ ገብቶብሽ ነው» ብላ ተልባ በጠበጠችልኝ። የጎንደርን የሐምሌ ብርድ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማመን አይከብድም። ተልባውም ፈሳሽ ስለሆነ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ብርድ የሽንት ቧንቧ ውስጥ ባክቴሪያ አያስገባም። ብዙውን ጊዜ ሕመሙን የሚያመጣው በራሳችን አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነና ከፊንጢጣ ስለማይርቅ፣ ባክቴሪያው ወደ ፊኛ ለመድረስ ብዙ አይቸገርም። ስለዚህ በሽታው የንጽሕና ጉድለት ምልክት ነው ብላ የምታፍር ሴት ካለች እፍረቷን ትተው።

ቤቴ አጠገብ ያለው ክሊኒክ ሄድኩ። ባለሙያው «ትኩሳት» የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ ሌላው የተናገርኩት አልተሰማም። «ስሸና ያቃጥለኛል» ብዬ ነበር፤ ሽንት ግን አልታዘዘም። ደም ተወሰደ፣ ዊዳል በተባለው የታይፎይድ ምርመራ 1 ለ160 የሚል ወረቀት መጣ፣ «ታይፎይድ ነው እህቴ፣ ታይፈስም ጀማምሮሻል» ተባልኩ። እንደገና ሲፕሮ፣ ዶክሲሳይክሊን ተጨምሮበት።

እዚህ ላይ ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። የዊዳል ምርመራ ከ1896 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ አሮጌ ምርመራ ነው። የሚያሳየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነታችን የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር የሚኖር ሰው ደግሞ ድሮ ከያዘው ታይፎይድም፣ ከሌላ ኢንፌክሽንም የተነሣ ቁጥሩ ከፍ ሊልበት ይችላል። አንድ ቀን በተወሰደ ደም ብቻ «ታይፎይድ አለብሽ» ማለት አይቻልም፤ ትክክለኛው ማረጋገጫ የደም ካልቸር ነው። እኔን የጎዳኝ ደግሞ ስሙ ብቻ አልነበረም። ሲፕሮ ወደ ሽንትም ስለሚገባ ባክቴሪያውን ለጊዜው ያዳክመዋል፤ ትንሽ ይሻለኛል፤ እነሱም «አየሽ፣ ታይፎይዱ ለቀቀሽ» ይሉኛል። በዚህ ሁኔታ የፊኛዬ ኢንፌክሽን በሌላ በሽታ ስም ተሸፍኖ ከረመ።

አንድ ሌሊት መንቀጥቀጡ ሲብስብኝ፣ ስታስታምመኝ ያደረችው እኅቴ በባጃጅ ድንገተኛ ክፍል አደረሰችኝ። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነበር። ከጎድን አጥንቴ በታች፣ በጀርባዬ በኩል በቀኝ ጎኔ ላይ መዳፉን አስቀመጠና በሌላው እጁ ጡጫ ቀስ አድርጎ መታው። ጮህኩ። «ይህ ኩላሊት ነው፤ ኢንፌክሽኑ ከፊኛ ወደ ላይ ወጥቷል» አለኝ። ሴፍትሪያክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ በመርፌ ተጀመረልኝና ዳንኩ። ስወጣ «ሁለተኛ ሲያቃጥልዎ አንድም ኪኒን ከመዋጥዎ በፊት የሽንት ካልቸር ያሠሩ» አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ ከሰማሁት ሁሉ የረባው ምክር ይህ ነበር።

ምክሩን መስማትና መፈጸም ግን ለየቅል ሆኑ። ማቃጠሉ እንደገና ሲጀምረኝ፣ አሁን ትኩሳትም የጎን ሕመምም ሳይኖረው፣ ካልቸር ይታዘዝልኝ ብዬ ጠየቅኩ። የተረዳኝ አልነበረም። «ካልቸር አልጋ ለያዘ ሰው ነው» አለኝ አንዱ። ሌላዋ ደግሞ «ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፣ እስከዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። ተከራክሬ ወረቀቱን አገኘሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ክዳኑ የላላ የፕላስቲክ ኩባያ ተሰጠኝ፤ እንዴት እንደምይዝ ማንም አልነገረኝም። ይዤ ስመለስ መስኮቱ ላይ ሌሎች ኩባያዎች ተደርድረዋል፤ ፀሐይ በቀጥታ ታርፍባቸዋለች። የእኔ ስም በእስክሪብቶ የተጻፈበት ፕላስተር ረጥቦ ቀለሙ ፈሷል። «እዚያው አስቀምጪው» ተባልኩ። ሰኞ የመጣው ውጤት «የተደባለቀ ባክቴሪያ፣ ናሙናው ይደገም» የሚል ነበር። ሽንት በክፍል ሙቀት ሲቆይ ባክቴሪያው ይራባል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተሠራ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ይህን የማያውቅ ላቦራቶሪ የለም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተቀበሉኝ እያወቁ ነው። ገንዘቡን ግን የመለሰልኝ አልነበረም።

ለመድገም ስሄድ የታዘዘልኝ ሁለት ወረቀት ነው፤ አንዱ ለካልቸር፣ ሌላው ለሲፕሮ። «ካልቸሩ እስኪደርስ መድኃኒቱን ጀምሪ» አሉኝ። የላቦራቶሪው ቀጠሮ የተሰጠኝ በማግስቱ ነበር፤ መድኃኒቱ በዚያው ቀን ተጀመረ። ውጤቱ «ምንም አልበቀለም» ሆኖ መጣ። ይህን ይዤ ስቀርብ «ነጻ ነሽ፣ ኢንፌክሽን የለብሽም» ተባልኩ። እያቃጠለኝ ነው! አንቲባዮቲክ ከተዋጠ በኋላ የተሰጠ ሽንት ባክቴሪያው እያለም ላይበቅል ይችላል። ኪኒኑን ራሳቸው አዝዘው፣ ራሳቸው ሽንቴን ተቀብለው፣ «ዳንሽ» ብለው አሰናበቱኝ።

መንገዱን ያቃናልኝ ቀድሞ ያስተማርኩት፣ አሁን የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆነ ልጅ ነው። ቅዳሜ ገበያ አግኝቶኝ ሁሉን ስነግረው «ቲቸር፣ ጠዋት በመጀመሪያ ሰዓት ነው መሰጠት ያለበት፤ መድኃኒት ሳይነካ» አለኝና አሠራሩን አስረዳኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። መድኃኒቱን ጨርሼ ቆይቼ ማቃጠሉ ሲመለስ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ማታ ፊኛዬ ውስጥ ያደረውን ሽንት ይዤ ሄድኩ። በንጹህ ውሃ ብቻ ታጠብኩ፤ ሳሙና የለም። የብልቴን ከንፈሮች በጣቴ ለይቼ መጀመሪያ የሚወርደውን ለቀቅኩት፣ መካከሉን ብቻ በታሸገው ንጹህ ኩባያ ተቀበልኩ። የክዳኑንም የኩባያውንም ውስጥ በእጄ አልነካሁም። ወዲያው በእጁ ለተቀበለኝ ሰው ሰጠሁ። ስሜ በኩባያው ገላ ላይ መጻፉንም ቆሜ አየሁ፤ ክዳን ላይ ብቻ ከተጻፈ ይቀያየራል።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ኢ. ኮላይ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100,000 በላይ። ከሥሩ የመድኃኒቶች ስም ተዘርዝሮ ከጎናቸው ኤስ ወይም አር ይላል፤ ኤስ ማለት ይሠራል፣ አር ማለት ባክቴሪያው ተላምዶታል። አምፒሲሊን አር። ኮትሪሞክሳዞል አር። ሲፕሮፍሎክሳሲን አር። ያን ሁሉ ጊዜ ስውጠው የነበረው ሲፕሮ! ናይትሮፉራንቶይን ኤስ። ወረቀቱን ይዤ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ሲፕሮ ቀላል መድኃኒት እንዳይመስልሽ። የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄ ይያዙ ካላቸው አንቲባዮቲኮች አንዱ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሌላ አማራጭ ላለው ቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን አይታዘዝ ብሏል፤ ጅማትንና ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል። እኛ ጋ ግን ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ናይትሮፉራንቶይን ፍለጋ ከፒያሳ እስከ ማራኪ ስዞር ከየመድኃኒት ቤቱ የሰማሁት «የለም እህቴ፣ ሲፕሮ ልስጥሽ?» የሚል ነው። በመጨረሻ አዘዞ አገኘሁት። ናይትሮፉራንቶይን ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ሽንትን ወደ ቡናማ ይለውጠዋል፤ አትደንግጪ። ዐቢይ ጾም ስለነበር የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ። «ልጄ፣ ሕመምተኛ አይገደድም፤ በልተሽ መድኃኒትሽን ውሰጂ» አሉኝ። በአምስት ቀን ጨርሼ ዳንኩ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ ይህ መድኃኒት የሚሠራው ፊኛ ላይ ነው፤ ኩላሊት ውስጥ በበቂ አይደርስም። ትኩሳት፣ የጎን ሕመም ወይም ማስመለስ ካለሽ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ መድኃኒት ቤት አትሂጂ።

አሁን ስለ መከላከሉ። «ውሃ በብዛት ጠጪ» የሚለው ምክር እውነት ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት ሕመሙ የሚመላለስባቸውንና ብዙ ውሃ የማይጠጡ 140 ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል፤ በየቀኑ 1.5 ሊትር የጨመሩት በአማካይ 1.7 ጊዜ፣ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ ታመሙ። የሚመክሩን ሰዎች ግን ውሃው ከየት እንደሚመጣ አይጠይቁም። አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ቧንቧው በፈረቃ እየመጣ፣ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ በሚያድርበት ከተማ ነው የምንኖረው። ስለዚህ የእኔ ምክር ከጤና ጣቢያው ይለያል። ውሃ ሲያጥር ከመታጠቢያው ቀንሺና ለመጠጡ አስቀምጪ። ለብልት በቀን አንድ ጊዜ ንጹህ ውሃ ይበቃል። በሳሙና ውስጡን ማጠብ እንኳን ሊከላከል የሚጠብቁንን ጥሩ ባክቴሪያዎች ያጠፋል። ከተጸዳዱ በኋላ ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ፣ ከግንኙነት በኋላ መሽናት፣ ሽንት ሲመጣ አለመያዝ ውሃ አይጠይቁም።

«መድኃኒቱን ጀምረሽ ሳትጨርሺ አታቁሚ» የሚለውንም በከፊል ነው የምቀበለው። ትክክለኛው መድኃኒት ከሆነ ጨርሺ። ሁለት ቀን ወስደሽ ምንም ካልተለወጠ ግን እስኪያልቅ አትጠብቂ፤ ተመልሰሽ ካልቸር ጠይቂ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ምልክት ባይኖርሽም የሽንት ምርመራ ይደረግልሽ፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ባክቴሪያ በእርግዝና ወቅት ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል። ባልሽ ወይም ወንድምሽ ሲያቃጥለው ደግሞ በወንድ ላይ ብዙም የተለመደ ስላልሆነ ከኋላው ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ይመርመር። የካልቸር ወረቀትሽን አትጣዪው፤ ለሚቀጥለው ሐኪም ከካርድሽ ይልቅ እሱ ይጠቅመዋል።

የሚያንገበግበኝ ግን ተማሪዎቼ ናቸው። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር ከውስጥ አይቆለፍም፣ ውሃም የለውም። ስለዚህ ሴት ልጆቹ ጠዋት ውሃ ሳይጠጡ ይመጣሉ፣ እስከ ሰባት ሰዓት ሽንታቸውን ይይዛሉ። እኛም መምህራኖቹ እንደዚያው ነን። ከሴት መምህራን ጋር ሆነን ለአስተዳደሩ ቁልፍና በርሜል እንዲገዛ ደብዳቤ ጽፈናል። በርሜሉ ተገዝቷል። ቁልፉን ራሳችን ገንዘብ አዋጥተን ልናስገጥመው ነው።